ቪክቶሪያ ክሮስ፦ ስለ እንግሊዝ ትልቁ የጦር ሜዳ ሜዳሊያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ መቅደላ ወይም ስለ ጣሊያን መባረር የሚያነብ ሰው እዚህም እዚያም «ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ» የሚል ነገር ያጋጥመዋል። ጥያቄዎቹም ከዚያ ይነሳሉ፦ ለማን፣ ለምን፣ ከእኛስ ወገን የተሸለመ አለ ወይ? ከዚህ በታች ያሉት በብዛት የሚጠየቁት ናቸው። ቀኖቹና ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» ተብሎ ተለይቷል።

ቪክቶሪያ ክሮስ ምንድን ነው?

የእንግሊዝ መንግሥት ጠላት ፊት ለፊት ለተፈጸመ ጀብዱ የሚሰጠው ከሁሉ የበላይ የሆነ ሜዳሊያ ነው። ብዙ ኒሻን ያለው ሰው ደረቱ ላይ ሲደረድር ይሄ ይቀድማል። አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚባል የለውም፤ ተራ ወታደሩም ጄኔራሉም የሚሸለሙት አንዱንና ያንኑ ነው። ይህ ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። የእንግሊዝ ጦር ግን ሌሎቹን የጀግንነት ሜዳሊያዎች «ይህ ለመኮንን፣ ያ ለበታች ሹምና ለተራ ወታደር» እያለ መለየቱን የተወው በ1993 ነው። ቪክቶሪያ ክሮስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማዕረግ አይቶ አያውቅም።

መቼ ተጀመረ? ለምንስ አስፈለገ?

ንግሥት ቪክቶሪያ ያቋቋመችው ጥር 29 ቀን 1856 ነው፤ ምክንያቱ እንግሊዝና ፈረንሳይ አብረው ሩሲያን የተዋጉበት የክራይሚያ ጦርነት ነበር። እስከዚያ ድረስ የእንግሊዝ ተራ ወታደር ምንም ያህል ቢዋጋ የሚሸለመው የረባ ነገር አልነበረም፤ ታላላቆቹ ኒሻኖች የከፍተኛ መኮንኖች ነበሩ። ፈረንሳዮች ግን ከ1802 ጀምሮ ሌዢዮን ዶነር የሚባለውን ክብር ለዝቅተኛውም ይሰጡ ነበር። በክራይሚያ ሁለቱ ጦሮች ጎን ለጎን ሲሰለፉ ልዩነቱ ዓይን ውስጥ ገባ። በዚያ ላይ የጋዜጣ ዘጋቢ ከጦር ሜዳ በቀጥታ መጻፍ የጀመረበት ጊዜ ስለነበር፣ የለንደን ሕዝብ የወታደሩን ብርድና ረሃብ፣ ጀግንነቱንም በየጊዜው ያነብ ነበር።

ሽልማቱ ወደኋላ ሄዶ ከ1854 ጀምሮ እንዲሠራ ተደረገ። ከተሸለሙት ድርጊቶች ቀዳሚው የቻርልስ ሉካስ ነው። ሉካስ ወጣት የባሕር ኃይል ባለሙያ ነበር። ሰኔ 21 ቀን 1854 በባልቲክ ባሕር የምትዋጋው መርከቡ ላይ ፊውዙ የሚነድ ቦምብ ወደቀ፤ ሌላው ሁሉ ተኛ፣ እሱ ግን አንስቶ ወደ ባሕር ወረወረው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ሰኔ 26 ቀን 1857 ለንደን ውስጥ ሃይድ ፓርክ በተደረገው የመጀመሪያ ሥነ ሥርዓት ንግሥቲቱ ከፈረስ ሳትወርድ 62 ሰዎችን ሸለመች።

ምን ይመስላል? ከሩሲያ መድፍ ነው የሚሠራው የሚባለውስ?

ቀላልና ጥቁር ቡናማ የነሐስ መስቀል ነው። ቁመቱ 41፣ ወርዱ 36 ሚሊ ሜትር ነው። መሃሉ ላይ ዘውድ፣ በዘውዱ ላይ አንበሳ፣ ከሥሩ «ለጀግንነት» የሚል ጽሑፍ አለበት። መጀመሪያ የታሰበው «ለጀግኖች» የሚል ነበር። ንግሥቲቱ ናት ያስለወጠችው፤ ሌላው ወታደር ጀግና አይደለም እንዳያሰኝ ብላ። ጥብጣቡ ደማቅ ቀይ ነው። የባሕር ኃይሉ እስከ 1918 ድረስ ሰማያዊ ያደርግ ነበር። የተሸላሚው ስም በጀርባው በኩል ከላይ ባለው አግድም ብረት ላይ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ደግሞ በመስቀሉ ጀርባ መሃል ላይ ይቀረጻል።

በክራይሚያዋ ከተማ በሴቫስቶፖል ከሩሲያ ከተማረኩ መድፎች ይሠራል የሚለው የቆየ አባባል ነው። ተመራማሪዎች ሲያጣሩት ነሐሱ የተቆረጠባቸው መድፎች በቻይና የተሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። በሩሲያ እጅ ገብተው ይሁን ወይስ በሌላ መንገድ ወደ እንግሊዝ መጥተው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የቀረው ነሐስ ዶኒንግተን በሚባል የጦር መጋዘን በጥበቃ ተቀምጧል። ሜዳሊያውን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚሠራው ሐንኮክስ የሚባለው የለንደን ጌጣጌጥ ቤት ነው።

ለመሸለም ምን ያስፈልጋል? የሚወስነውስ ማን ነው?

የደንቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ በጠላት ፊት የተፈጸመ፣ ከሁሉ ጎልቶ የሚታይ ጀግንነት፣ ራስን አሳልፎ መስጠት ወይም ለግዳጅ ያለልክ መታመን። «በጠላት ፊት» የምትለዋ ሐረግ ናት ከሌሎቹ የምትለየው። ከ1858 እስከ 1881 ድረስ ጠላት በሌለበትም ይሰጥ ስለነበር፣ ቲሞቲ ኦሄ የሚባል ወታደር በ1866 ካናዳ ውስጥ ጥይት የጫነ የባቡር ፉርጎ ሲቃጠል ብቻውን አጥፍቶ ተሸልሟል። ዛሬ ለእንዲህ ያለው ጆርጅ ክሮስ የሚባል ሌላ ሜዳሊያ አለ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የክፍሉ አዛዥ ያየውን ወይም የተነገረውን ይጽፋል፤ የዓይን ምስክሮች ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ምስክር ይፈለጋል። ጽሑፉ በዕዝ ሰንሰለቱ እየወጣ፣ በየደረጃው እየተጣራ መከላከያ ሚኒስቴር ይደርሳል። በመጨረሻ ንጉሡ ይፈርሙበትና ለንደን ጋዜት በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ይታወጃል። በየደረጃው ወደ ዝቅተኛ ሜዳሊያ የሚወርደው ብዙ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ምስክር የሌለው ጀብዱ አይሸለምም። ያዩት ሁሉ አብረውት ካለቁ ወይም ያየው አዛዥ መጻፍ የማይወድ ከሆነ ድርጊቱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የተሸላሚዎችን ዝርዝር የጀግኖች ቆጠራ አድርጎ ማንበብ ስህተት ነው፤ የታዩ፣ የተጻፉና ያለፉ ጀብዱዎች ዝርዝር ነው።

ብዙ ጠላት የገደለ ነው የሚሸለመው?

ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። በእኛ አገር የቀድሞው ሥርዓት ግዳይ ይቆጥር ነበር፤ ጥሎ የመጣ ፎክሮ፣ ጎፈርና ለምድ ተሸልሞ፣ ጋሻው በብር አጊጦለት ይሄድ ነበር። ቪክቶሪያ ክሮስ የሚመዝነው ሌላ ነገር ነው፦ ሰውየው ሊያፈገፍግ እየቻለ፣ ማንም ሳይወቅሰው፣ ወደ ሞት ሄዷል ወይ? ለዚህም ነው ቁስለኛ ተሸክመው ያወጡ ሰዎች በተሸላሚዎች መዝገብ የበዙት።

ጥሩ ማስረጃው ይኸው፦ በታሪኩ ሁለት ጊዜ የተሸለሙት ሦስት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ሁለቱ ሐኪሞች ናቸው። አርተር ማርቲን ሊክ በ1902 በደቡብ አፍሪካ፣ ከዚያም በ1914 በቤልጅየም፣ ሁለቱንም ጊዜ በጥይት ውስጥ ቁስለኛ ሲረዳ ነው የተሸለመው። ኖኤል ቻቫስ በ1916 እና በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽጎች መካከል ባለው ባዶ ሜዳ እየተመላለሰ ቁስለኛ አወጣ፤ በሁለተኛው ራሱ ቆስሎ ሞተ። ሦስተኛው የኒውዚላንዱ ቻርልስ አፐም በ1941 በቀርጤስ፣ በ1942 በግብፅ በረሃ የተዋጋ እግረኛ መኮንን ነው።

ስንት ሰው ተሸልሟል?

ከ1,350 የሚያልፉ። ወደ ግማሹ የሚጠጉት፣ ማለትም 628 ሽልማቶች፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሰጡ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 182 ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ድሮ እጅ ይፈታ ነበር፦ በ1857 በህንድ፣ አብዛኛው ሉክናው በሚባል ከተማ፣ በአንድ ቀን 24፣ በ1879 ደግሞ ሮርክስ ድሪፍት በሚባል ቦታ ከዙሉዎች ጋር በተደረገ የአንድ ሌሊት ውጊያ 11 ተሰጥቷል።

መቅደላ ላይ የተሸለመ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሁለት ሰዎች። ሁለቱም ከሠላሳ ሦስተኛው እግረኛ ሬጅመንት፣ ሁለቱም አየርላንድ የተወለዱ፦ ከበሮ መቺው ማይክል ማግነር እና ተራ ወታደር ጄምስ በርጊን።

ቀኑ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው። ከሦስት ቀን በፊት፣ በስቅለት፣ እሮጌ ሜዳ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ጦር ተመትቶ ፊታውራሪ ገብርዬ ወድቋል። ከንጉሡ ወገን የሞተው በመቶዎች ሲቆጠር ከእንግሊዞቹ የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እንግሊዞቹ ከኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘው፣ የንጉሡ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ጦርና አሮጌ ነፍጥ ይዘው ነበር የተገናኙት። ሰኞ ዕለት ጄኔራል ናፒየር አምባውን እንዲመቱ አዘዘ። ሠልፉ በሩ ላይ ሲደርስ ተገታ፤ በሩ ተዘግቷል፣ ከኋላውም በድንጋይ ተደፍኗል። በዚህ ጊዜ ጥቂት መኮንኖችና ወታደሮች ከዋናው መንገድ ወጥተው ገደሉን ቧጥጠው ወጡ፤ ግንቡን ተሻገሩ፤ ከግንቡ በላይ ያለውን የእሾህ አጥር ጥሰው በሩን ከሚጠብቁት በስተኋላ ወጡ። መጀመሪያ የገቡት ሁለቱ ማግነርና በርጊን ነበሩ። የናፒየር ሪፖርት የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሽልማቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ሐምሌ 28 ቀን 1868 ታወጀ።

የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ንጉሡ እጃቸውን ላለመስጠት ሽጉጣቸውን ጠጡ፤ ሽጉጡም ከራሷ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ነበር። አምባው ተዘርፎ ተቃጠለ፤ ልዑል ዓለማየሁ ተወሰደ። የንጉሡ ጸጉር ወደ አገሩ የተመለሰው በ2019 ነው።

ታዲያ ይህን ጀግንነት ማለት ይቻላል?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፣ በተለይ እንግሊዝ ካደጉ ልጆች። ገደል ወጥቶ፣ ተኩስ ባለበት የእሾህ አጥር ጥሶ የማያውቀው ምሽግ ውስጥ መግባት ድፍረት ነው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ሜዳሊያው የሚናገረው ግን ያንን ብቻ ነው። ጦርነቱ ተገቢ ነበር ወይ፣ ከአጥሩ ወዲያ የቆመው ሰው ምን ያህል ጀግና ነበር የሚለውን አይናገርም፤ ሊናገርም አልተሠራም። በዚያች ሰኞ ሌላው ጦሩ ሲከዳቸው ከንጉሣቸው ጋር በሩ ላይ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ያደረጉትን የጻፈላቸው አዛዥ፣ የመሰከረላቸው ሦስት ሰው የለም። ከሁለቱ ወገን የትኛው የበለጠ ድፍረት እንደነበረው ቢጠየቅ እኔ በበኩሌ መልሴ ናፒየር ከጻፈው የተለየ ነው።

በጣሊያን ጊዜስ በእኛ ምድር የተሸለመ አለ?

አለ፤ አካባቢውን ሁሉ ከያዝን አራት። እያንዳንዱ ለየብቻ ታሪክ ስለሆነ ዘርዘር ማድረግ ይገባል።

የመጀመሪያው ሻምበል ኤሪክ ዊልሰን ነው። በነሐሴ 1940 የጣሊያን ጦር ከኢትዮጵያ ተነሥቶ የእንግሊዝን ሶማሌላንድ ወረረ። ከሀርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ ላይ ቱግ አርጋን የሚባል በር አለ፤ ዊልሰን ከሶማሌ የግመል ጦር ወታደሮች ጋር እዚያ ኮረብታ ላይ መትረየስ ይዞ ተቀመጠ። ትከሻውና ዓይኑ ቆሰለ፤ በዚያ ላይ ወባ ይዞታል። ከነሐሴ 11 እስከ 15 ድረስ፣ መድፍ ቦታውን እያረሰው፣ ከመትረየሱ አልተነሣም። መጨረሻ ላይ ቦታው ተያዘና ሞቷል ተባለ። በጥቅምት ሽልማቱ ሲታወጅ የሟች ሽልማት ነበር። ሰውየው ግን ተማርኮ ኤርትራ ውስጥ ዓዲ ኡግሪ፣ የዛሬዋ መንደፈራ፣ እስር ቤት ነበር። መሸለሙን የሰማው በኋላ ከመጣ እስረኛ ነው። በ1941 እንግሊዞች ኤርትራን ሲይዙ ተፈታ፤ የሞተው በ2008 በ96 ዓመቱ ነው። የሙት ሽልማቱን ራሱ በሕይወት ቆሞ ተቀበለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ህንዳዊው ምክትል መቶ አለቃ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ነው። የእሱን ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ፤ አንድም ጥይት ስለመተኮሱ አይወራምና። በ1941 ጥር መጨረሻ ጣሊያን መተማን ለቆ ወደ ጎንደር ሲያፈገፍግ መንገዱን ሁሉ ፈንጂ ቀብሮበት ነበር። ባጋት የመሐንዲስ ክፍል መኮንን ነው። ከፊት በሚሄደው ብረት ለበስ ተቀምጦ ፈንጂውን እየፈለገ፣ እየወረደ እያስነቀለ፣ በአራት ቀን 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጠረገ፤ 15 የፈንጂ ቦታዎችን አጸዳ። ከጎህ እስከ ምሽት ይሠራል። ሁለት ጊዜ የተቀመጠበት ተሽከርካሪ ፈነዳ፣ አብረውት የነበሩት ተጎዱ፤ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ደፈጣ ገጠመው። አንዱ የጆሮው ታምቡር ተቀደደ። ሌላ ሰው ይተካህ ሲባል «አሁን ሥራውን ለምጄዋለሁ፣ እኔው ልጨርሰው» ብሎ እንቢ አለ። በኋላ በነጻዪቱ ህንድ ጦር ሌተናል ጄኔራል ሆነ። መተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በዚያ መንገድ ጎንደር የሚገባ ሰው ይህን ቢያስታውስ አይከፋም።

ሦስተኛው ሱበዳር (የህንድ ጦር ማዕረግ ነው) ሪችፓል ራም ነው፤ እሱም ህንዳዊ፣ የራጅፑታና ራይፍልስ ሰው። ቦታው ከረን ነው። የካቲት 7 ቀን 1941 ሌሊት አዛዡ ሲቆስል ጦሩን ተረክቦ ጉብታውን ያዘ፤ ስድስት መልሶ ማጥቃት መከተ፤ ጥይት ሲያልቅበት የቀሩትን ይዞ በጠላት መሃል ሰንጥቆ ወጣ። ከአምስት ቀን በኋላ ያንኑ ቦታ እንደገና ሲያጠቃ ቀኝ እግሩ በፍንዳታ ተቆረጠ፤ ወድቆም ወታደሮቹን «ወደፊት» እያለ ሞተ። ስሙ ከረን ከሚገኘው የህንዳውያን ወታደሮች መታሰቢያ ላይ ተጽፏል።

አራተኛው ሃምሳ አለቃ ናይጀል ሊኪ ነው፤ በኬንያ ነዋሪ ከሆነ የእንግሊዝ ቤተሰብ። ግንቦት 19 ቀን 1941 የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ጦር የቢላቴን ወንዝ ተሻግሮ ቁሊቶ፣ የዛሬዋ ሀላባ ቁሊቶ፣ ሲደርስ የጣሊያን ታንኮች ከቁጥቋጦው ውስጥ ወጡበት። ፀረ ታንክ መሣሪያ የለም። ሊኪ ከኋላ ሮጦ አንደኛው ታንክ ላይ ወጣ፤ ክዳኑን ነቅሎ ከፈተና ከሹፌሩ በቀር ያሉትን በሽጉጥ ገደለ፤ ሹፌሩን አስገድዶ ታንኩን ከለላ ውስጥ አስገባ። መድፉን ሊጠቀምበት ሞከረ፣ አልሠራለትም። ከዚያ ወርዶ ሌላ ታንክ ላይ ዘለለ፤ ክዳኑን ከፍቶ አንዱን እንደገደለ እሱም ተመታ። ሬሳው አልተገኘም። ሽልማቱ የታወጀው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1945 ነው።

ኢትዮጵያዊ ተሸላሚ አለ?

የለም። ሽልማቱ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ለሚያገለግሉ ጦሮች ነው፤ አርበኞቻችን ደግሞ የሚዋጉት በራሳቸው ንጉሠ ነገሥት ስም ነበር። ስለዚህ ከዊንጌት ጋር ጎጃም የገባው አርበኛ ያደረገው ምንም ይሁን ምን፣ መዝገቡ እሱን አይመለከትም።

ዛሬ እንግሊዛዊ ዜግነት ይዞ በጦሩ የሚያገለግል ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን እንደማንኛውም ወታደር መብቱ ነው፤ ዘር አይጠየቅም።

ነጭ ያልሆኑ ወታደሮችስ ከመቼ ጀምሮ ተሸለሙ?

ጥቁር ተሸላሚዎች ገና ከጥንቱ አሉ፦ የኖቫ ስኮሺያው መርከበኛ ዊልያም ሆል በ1857 ሉክናው ላይ፣ የካሪቢያኑ ሳሙኤል ሆጅ በ1866 ጋምቢያ ውስጥ ላደረጉት። የህንድ ጦር ተወላጅ ወታደሮች ግን እስከ 1911 ድረስ በደንቡ አልተካተቱም። ከእነሱ መጀመሪያ የተሸለመው ኩዳዳድ ካን ነው፤ በጥቅምት 1914 ቤልጅየም ውስጥ የመትረየስ ጓደኞቹ ሁሉ ሲሞቱ ብቻውን ተኩሶ የቀረ።

ቁሊቶ ላይ ሊኪ ያለበት ጦር አብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካ ጥቁር ወታደር ነበር፤ ሜዳሊያው የሄደው ለነጩ ሃምሳ አለቃ ነው። ሊኪ አልተገባውም ማለት አይደለም። ሪፖርት የሚጽፈው ማን እንደነበር ግን አንባቢ ማሰብ አለበት።

ለሞተ ሰው ይሰጣል?

መጀመሪያ አይሰጥም ነበር። «በሕይወት ቢኖር ይሸለም ነበር» ተብሎ በጋዜጣ ይጻፍና ያበቃል። በደቡብ አፍሪካው ጦርነት ጊዜ ነገሩ ላላና በ1902 ለስድስት ሟቾች ተሰጠ፤ በ1907 ደግሞ ከዚያ በፊት ለሞቱ ስድስት ሰዎች ቤተሰቦች ተላከ። በሕግ የጸናው በ1920 ነው። ዛሬ ተሸላሚው ከሞተ የትዳር ጓደኛው ወይም ወላጆቹ ይቀበሉለታል።

ሊነጠቅ ይችላል?

ከ1861 እስከ 1908 ስምንት ሰዎች ተነጥቀዋል፤ በስርቆት፣ በመክዳት፣ በሚስት ላይ ሚስት በማግባትና በመሳሰለው። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ይህን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። በ1920 በጸሐፊያቸው በኩል ያስጻፉት፣ ተሸላሚው ሰው ገድሎ ስቅላት ቢፈረድበት እንኳ ሜዳሊያውን አንጠልጥሎ ወደ መሰቀያው ይሂድ የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ የተነጠቀ የለም።

ሴቶች ይሸለማሉ?

ከ1920 ጀምሮ ደንቡ ይፈቅዳል። እስካሁን የተሸለመች የለችም።

ገንዘብ አለው?

ድሮ መኮንን ላልሆነ ተሸላሚ በዓመት 10 ፓውንድ ይቆረጥለት ነበር፤ ለአንድ ወታደር ያኔ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ብዙዎቹ ግን በድህነት ነው የሞቱት፣ ሜዳሊያቸውን አስይዘው የተበደሩም ነበሩ። በ2015 ክፍያው ከግብር ነጻ በዓመት 10,000 ፓውንድ ተደረገ።

ሜዳሊያው ራሱ ይሸጣል፤ ሕግ አይከለክልም። የነሐሱ ዋጋ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፣ ጨረታ ላይ ግን በመቶ ሺህ ፓውንዶች ይጠራበታል። የዶክተር ቻቫስ በ2009 ወደ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጧል ተብሎ ተዘግቧል። የገዙት ሎርድ አሽክሮፍት የሚባሉት ባለጸጋ ሲሆኑ፣ በዓለም ትልቁን የቪክቶሪያ ክሮስ ስብስብ የያዙት እሳቸው ናቸው።

ጄኔራል እንኳ ለተሸላሚው ቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል ይባላል፤ እውነት ነው?

በደንቡ ውስጥ አልተጻፈም። በልማድ ግን ይደረጋል።

በቅርብ ጊዜ የተሸለመ አለ?

በ2005 የታወጀው የጆንሰን ቢሃሪ ሽልማት ብዙ ወሬ አስነሥቶ ነበር። ግሬናዳ ተወልዶ ወደ እንግሊዝ የሄደ ተራ ወታደር ነው፤ በ2004 ኢራቅ ውስጥ ብረት ለበሱን እየነዳ ሁለት ጊዜ ከደፈጣ ውስጥ ጓዶቹን አወጣ፤ በሁለተኛው ራሱ ላይ ክፉኛ ቆስሎም ተሽከርካሪውን ከአደጋው ካወጣ በኋላ ነው ራሱን የሳተው። ከ1969 ወዲህ በሕይወት ሳለ የተሸለመ የመጀመሪያው ነበር።

ከእሱ ቀጥሎ በአፍጋኒስታን ምክንያት ሦስት ተሰጥቷል፤ ሁለቱ ለሟቾች። በሕይወት ያለው ምክትል አሥር አለቃ ጆሹዋ ሊኪ ይባላል፤ በ2013 ሄልማንድ ውስጥ ላደረገው በ2015 ተሸለመ። የአባት ስሙ የሚታወቅ ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም፤ ቁሊቶ ላይ ታንክ ላይ የወጣው የናይጀል ሊኪ ዘመድ ነው።

ከጆርጅ ክሮስ በምን ይለያል?

ጆርጅ ክሮስ በመስከረም 1940፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በሚደበድቡበት ሰሞን ተቋቋመ። ክብሩ እኩል ነው። ልዩነቱ ጠላት ፊት ለፊት በሌለበት ለሚፈጸም ጀግንነት መሆኑና ሲቪሎችም መሸለማቸው ነው፦ ያልፈነዳ ቦምብ የሚያመክን፣ ከእሳት ሰው የሚያወጣ። በ1942 የማልታ ደሴት በጠቅላላው ተሸልማለች።

አውስትራሊያና ኒውዚላንድም ቪክቶሪያ ክሮስ ይሰጣሉ፤ አንድ ናቸው?

መልካቸው አንድ፣ ሰጪያቸው የተለያየ ነው። አውስትራሊያ በ1991፣ ካናዳ በ1993፣ ኒውዚላንድ በ1999 የየራሳቸውን አቋቁመዋል። የካናዳው ጽሑፍ በላቲን ነው፤ እስካሁን ለማንም አልተሰጠም።

ቤታችን ውስጥ የአያቴ አሮጌ ሜዳሊያ አለ፤ ቪክቶሪያ ክሮስ ይሆን?

አይሆንም፤ ግን የሌላ ነገር ማስረጃ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ቅርጹን እዩ። ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ከሆነና ጥብጣቡ ፈዛዛ የአሸዋ ቀለም ሆኖ መሃሉ ላይ ቀይ መስመር ካለው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአፍሪካ ግንባር ላገለገለ የሚሰጠው የእንግሊዝ አፍሪካ ስታር ነው። ክብ ሆኖ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ መስመር ከሆነ የኮሪያ ዘመቻ የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ መሆኑ አይቀርም፤ ለቃኘው ሻለቃ የተሠራው ጽሑፉ በአማርኛ ነው። ሁለቱም የዘመቻ ሜዳሊያዎች ናቸው፤ እዚያ የነበረ ሁሉ ያገኛቸዋል።

በብረት ማጽጃ አትፈትጉት፤ ዋጋውንም ጽሑፉንም ያበላሻል። ጠርዙንና ጀርባውን በማጉያ መነጽር ተመልክታችሁ ስም ወይም ቁጥር ካለ ፎቶ አንሡት። ከዚያ አያታችሁን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ካሉ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የት ዘመቱ፣ በማን ሥር፣ ከማን ጋር የሚለውን ከሜዳሊያው ይልቅ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።